ቪትዝ ላይ ቦዲ ኪት ቤት ውስጥ መስራት (ባህር ዳር): ሬዚኑ ፎሙን በላብኝ ምን ይሻላል?

ቪትዝ_በእዳ (ሰኞ ማታ 3:10)
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ሽምብጥ። 2001 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ በፈረንጅ ነው፣ በኛ ቢሆንማ ቢያንስ በ7 ዓመት ወጣት ትሆን ነበር። ጥር ላይ አንድ ባጃጅ ከጎን ገብቶ የፊት ፓራውልቷን ሰነጠቀብኝ፣ ልጁም ምንም የሌለው ስለሆነ ተውኩት። ያገለገለ ፓራውልት ስጠይቅ የነገሩኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ ነገ ስለሚቀየር። እና ለተሰነጠቀ ፓራውልት ይህን ያህል ከማወጣ ለምን ራሴ ቦዲ ኪቱን፣ ከነ ሊፑ (ከስር የሚወጣው ከንፈር) ከነ ጎን ስከርቱ (የበሩ ስር ልባስ) አልሰራውም ብየ ተነሳሁ። ቪዲዮ ላይ ሳየው ቀላል ነበር!! የፍሪጅ ማሸጊያ ነጩን ፎም ፓራውልቱ ላይ ለጠፍኩ፣ በሽንኩርት ቢላ ቀረጽኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ እውነት ለመናገር በጣም ነበር ያማረው። ከዚያ ሬዚኑን (ሲደርቅ የሚጠነክረውን የፋይበር ፈሳሽ) በብሩሽ ቀባሁት። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ፎሙ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ቅቤ እየሰመጠ እየሰመጠ ሄደ፣ የሁለት ቀን ስራየ ዓይኔ እያየ ጉድጓድ ሆነ። ሬዚኑ የተበላሸ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ጀልባ_ጠጋኝ (ሰኞ ማታ 3:42)
ወንድምየ ሬዚኑም ደህና ነው አንተም ደህና ነህ፣ ፎሙ ነው የማይሆነው። ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ስታይሪን የሚባል ማቅጠኛ አለ፣ ያ የሚያፍነው ሽታ እሱ ነው። ነጩ ፎም ደግሞ ከዚያው ከስታይሪን ነው የሚሰራው ስለዚህ ያሟሟዋል፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደ መጨመር ነው። በር ሲገጠም ክፍተቱ ላይ የሚነፋውን ቢጫውን ስፕሬይ ፎም ታውቀው የለ፣ እሱን ሬዚን አይበላውም። ሲደርቅ በቢላ እንደ ዳቦ ነው የሚቆረጥ። ነጩን የግድ የምትጠቀም ከሆነ ኢፖክሲ ሬዚን ነው የሚያስፈልግህ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

እኔ የጣና ጀልባዎችን ነው የምጠግን፣ የመኪና ሰው አይደለሁም። ፋይበር (በሬዚን የተነከረ የመስታወት ክር) ግን ያው ፋይበር ነው።

ደንገል_ሞተርስ (ሰኞ ማታ 3:50)
አባቶቻችን ደንገል አስረው ጣናን በታንኳ ሲሻገሩ አንተ አንድ ፓራውልት አቃተህ ጃል 😂 ደንገሉን ከሐይቁ ዳር እጨድና እሰረው፣ ቢያንስ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች

ባትላሜራ_30ዓመት (ማክሰኞ ጠዋት 1:15)
ልጆች እኔ በዚህ ሙያ ሰላሳ ዓመት ሞላኝ። ፋይበር የሚባለው ነገር ለማማር ነው እንጂ ለኛ መንገድ አይደለም። ላሜራ ተመትቶ ይወጣል፣ ይበየዳል፣ ስቱኮ (የመሙያ ሊጥ) ይለጠፋል ይቀባል እንደገና መኪና ይሆናል። ፋይበር ሲመታ ይሰነጠቃል አለቀ። እኔ ብትመጣልኝ ባለ 0.8 ላሜራ አጥፌ ሊፑን በሁለት ቀን አወጣልሃለሁ።

ጀልባ_ጠጋኝ (ማክሰኞ ጠዋት 1:40)
ጋሼ በሙያዎ አልከራከርም፣ ግን ፋይበር ሲሰነጠቅ አለቀ የሚለው ልክ አይደለም። ድንጋይ የመታው የጀልባ ታች በየዓመቱ እንጠግን የለ እንዴ። የተሰነጠቀውን ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በደንብ አስፍተህ በግራይንደር ታሳሳዋለህ፣ በማት (የመስታወት ክር ንጣፍ) ትደፍናለህ፣ ያው ጥንካሬው ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ፋይበር ያለው ችግር ሲመታ እንደ ፕላስቲኩ ታጥፎ አለመመለሱ ነው፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ላሜራው ግን በኛ እርጥበት ከታች በኩል ዝገት ይዞት ይሄዳል፣ አንቲሩጂኔ ብትቀባውም ጠጠር እየመታ ይልጠዋል።

ሸገር_ድሪፍት (ማክሰኞ 6:05)
ብሮ ምን አደከመክ ከዱባይ አስመጣው በቃ

ቪትዝ_በእዳ (ማክሰኞ 6:20)
@ሸገር_ድሪፍት ዱባይ የሚያስመጣ ሰው ስሙን ቪትዝ በእዳ ብሎ ይመዘገባል? 😭

@ጀልባ_ጠጋኝ እግዜር ይስጥልኝ። ፎሙን ከተውኩት አይቀር ሬዚኑን በቀጥታ ፓራውልቱ ላይ ከነ ማቱ ብለጥፍስ? ስንጥቁንም ይይዝልኛል ቅርጹንም በስቱኮ አወጣዋለሁ ብየ አስቤአለሁ። ዛሬ ከሰዓት እሞክረዋለሁ።

ጀልባ_ጠጋኝ (ማክሰኞ ማታ 2:30)
አትሞክረው!! ዘግይቼ አየሁት። ሞከርከው?

ቪትዝ_በእዳ (ረቡዕ ጠዋት 2:00)
ሞክሬዋለሁ። ማታ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ጠርዙን በጥፍሬ ነካ ባደርገው ተነስቶ መጣ፣ ከዚያ ሳብ ሳደርገው ሙሉው እንደ እንጀራ ከምጣዱ ላይ ተነሳ። ከስር ያለው ፓራውልት ጭረት እንኳ የለበትም፣ ያው ንጹሕ ጥቁር።

ጀልባ_ጠጋኝ (ረቡዕ ጠዋት 2:25)
አይ አንተየ። ፓራውልቱን ገልብጠህ ከውስጥ በኩል እየው፣ ፒፒ የሚል ፊደል ታትሞበታል። ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ሬዚንም ስቱኮም ቀለምም በደረቁ አይዘውም። ቀለም ቀቢዎች ለፕላስቲክ የሚቀቡት ልዩ ፕራይመር ያለው ለዚህ ነው። ነገሩ ግን ባንተ ላይ ሳይሆን ላንተ ነው የሆነው፣ ምክንያቱም የማይይዝ ነገር ማለት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ለማውጣት የሚመች ነገር ማለት ነው።

እንግዲህ ስማኝ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅርጹን በቢጫው ፎም ሰርተህ ፋይበሩን ከላይ አልብሰህ ፎሙን ከውስጥ ፍቀህ ማውጣት። ለአንድ መኪና ይህ ይበቃል፣ ግን ውጩ ሻካራ ስለሚሆን ስቱኮ ስትለጥፍና ስትፍቅ ሳምንት ትቆያለህ፣ ክብደቱም ይጨምራል። ሁለተኛው ቅርጹን መጀመሪያ እስኪያበራ አለስልሰህ ከሱ ላይ ሞልድ ማውጣት፣ ከዚያ ፓራውልቱን ሞልዱ ውስጥ መስራት። ሬዚንና ማት እጥፍ ትገዛለህ፣ ነገር ግን ከሞልድ የሚወጣው ውጩ ለስላሳ ሆኖ ነው። እኔ ብሆን ሞልድ ነው የምሰራ፣ ባህር ዳር ውስጥ ስንት ቪትዝ እንዳለ አስበው።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ፓራውልት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሞልዱን አንድ ወጥ አድርገህ ከሰራኸው እቃው ውስጡ ተቆልፎ ይቀራል፣ በመዶሻ ሰብረህ ነው የምታወጣው። በሦስት ክፍል ስራው፣ መሃልና ሁለት ጎን፣ መጋጠሚያው ላይ ከንፈር አውጣለትና በብሎን እሰረው።

የፈትል_ልጅ (ረቡዕ 7:15)
እኔ በጨርቃ ጨርቅ ስራ ነው ያደግኩት፣ እናቴም ፋብሪካ ነበረች፣ ስለ ማቱ አንድ ነገር ልበል። የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተበታተነ አጫጭር ክር በማጣበቂያ የተያያዘ፣ ማት የሚሉት። ሌላው እንደ ጋቢ ድርና ማግ ያለው፣ የተሸመነ። ጥግና ኩርባ ላይ ማቱ ይሻላል ምክንያቱም ሬዚን ሲነካው ማጣበቂያው ይሟሟና ክሩ እንደፈለግከው ይተኛልሃል። የተሸመነው ጠንካራ ነው ግን ጥግ ላይ አልታጠፍም ብሎ ይነሳብሃል፣ ስሩ አየር ይቀራል። የመጀመሪያው ንብብር ላይ አትጠቀምበት፣ የሽመናው ምስል በቀለሙ ላይ ይታያል።

ስሌቱን ከፈለግክ ደግሞ 450 ግራም የሚባለው ማት በካሬ ሜትር ነው፣ አንዱ ንብብር ሬዚን ጠጥቶ ሲደርቅ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሬዚኑ የማቱን ክብደት ከ2 እጥፍ ትንሽ በላይ ይሆናል። ፓራውልቱ 1.2 ካሬ ሜትር ቢሆን በሦስት ንብብር ማቱ 1.6 ኪሎ፣ ሬዚኑ 3.6 ኪሎ አካባቢ፣ በድምሩ 5 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ከዚያ በጣም ከበደህ ማለት ሬዚን አብዝተሃል ማለት ነው። ሰው ሬዚን ሲበዛ የሚጠነክር ይመስለዋል፣ ጥንካሬው ያለው ክሩ ላይ ነው።

ማቱን ደግሞ መሬት ላይ አታስቀምጠው፣ እርጥበት ከጠጣ ሬዚኑ በደንብ አይደርቅም። ክረምት ከገባ በኋላ እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ስራ ባትጀምረው ይሻላል።

ደንገል_ሞተርስ (ረቡዕ 7:30)
እሺ እህቴ ቁም ነገር ልጠይቅሽ፣ በቃጫ ቢሰራስ? ቃጫ እንደሆነ ሞልቷል

የፈትል_ልጅ (ረቡዕ 7:48)
ሳቅክ አይደል፣ ግን ይቻላል። የመኪና በር የውስጥ ልባሱን ከተክል ክር የሚሰሩ ፋብሪካዎች አሉ። ለፓራውልት ግን ቃጫ ውሃ ይጠጣል፣ በደንብ ካልደረቀና ጠርዙ ሁሉ በሬዚን ካልታሸገ ያብጣል። የውስጥ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ስፒከር ማስቀመጫ ላይ ሞክረው።

ቪትዝ_በእዳ (ሐሙስ ማታ 4:00)
እሺ ሞልድ ይሁን። ሀርድነሩ (ሬዚኑን የሚያደርቀው) ስንት ነው የሚጨመረው? ሻጩ "በክዳኑ አንድ ክዳን" ነው ያለኝ። የቱ ክዳን ብለው ሳቀብኝ።

ጀልባ_ጠጋኝ (ሐሙስ ማታ 4:20)
በክዳን የለካ ሰው ወይ ሳይደርቅለት ያድራል ወይ ጭስ ያወጣል። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዛ። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ነው መጠኑ። አሁን መጋቢት ነው፣ እኩለ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ይገባል ስለዚህ ወደ 10 ጠጋ በል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሆነ 15። አንዴ የምትበጠብጠው ደግሞ ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ፣ ጣሳ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ የፕላስቲክ ኩባያ ሲያቀልጥ አይቻለሁ። ቶሎ ቶሎ ሞልዱ ላይ አውጥተህ ዘርጋው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው ያለህ፣ ከዚያ እንደ ጄሊ ይሆናል። ጄሊ ከሆነ በኋላ አትነካካው።

ነርስ_ነኝ_በሉኝ (ሐሙስ ማታ 5:05)
ስለ መኪና ምንም አላውቅም ወንድሜ ልኮልኝ ነው የገባሁት። ያ ሀርድነር የምትሉት ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል፣ ቀልድ አይደለም። መነጽር አድርጉ። ከገባ ደግሞ እዚያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳታቋርጡ ታጠቡና ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጡ፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ልድረስ አትበሉ። የጨርቅ ማስክ የሬዚኑን ትነት አያቆምም፣ ከሰል ያለው ባለ ካርትሪጅ ማስክ ነው የሚያስፈልግ። ሲፈቀፈቅ የሚወጣው ብናኝ ላይ ደግሞ የአቧራ ማስክና ረጅም እጅጌ፣ የመስታወት ክር ቆዳ ላይ ከገባ ሌሊቱን ስታኩ ታድራላችሁ። ገላችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምትታጠቡ።

ጀልባ_ጠጋኝ (ሐሙስ ማታ 5:20)
እህቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ልጨምር፣ አንዳንድ ሬዚን ኮባልቱ (መድረቁን የሚያፋጥነው) ለብቻው በጠርሙስ ይመጣል፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው። ኮባልቱንና ሀርድነሩን በቀጥታ እንዳታገናኛቸው፣ ይፈነዳል። ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይበጠበጣል ከዚያ በኋላ ነው ሀርድነሩ። የሁለቱ ማስቀመጫም አንድ ላይ አይሁን።

ቪትዝ_በእዳ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 2:15)
ጠፋሁ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆኗል ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

ፓራውልቱን በቡናማው የማሸጊያ ስኮች ሸፈንኩት፣ ቢጫውን ፎም ነፋሁ፣ አደረ፣ ቀረጽኩ። ስቱኮ ለጠፍኩ ፈቀፈቅኩ፣ ለጠፍኩ ፈቀፈቅኩ፣ ከ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ 120፣ 240፣ 400፣ በመጨረሻ በውሃ 800። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። አከራየ እትየ በዚያ በኩል ግቢው ውስጥ በርበሬ በሸራ አስጥተው ነበር። እኔ ደግሞ ጀርባየን ሰጥቼ ግራይንደር ይዣለሁ። ዞር ስል ያ ቀይ በርበሬ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። እትየ ምንም አላሉም። ቆመው አዩኝ፣ በርበሬውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ፣ "ልጄ ይኸ የሚበላ ነው?" አሉ። ጠዋት ገበያ ወጥቼ ፌስታል ሙሉ በርበሬ ገዛሁ፣ ዛላውን ራሴ ቀነጠስኩ፣ እጄ በበርበሬና በመስታወት ክር ተቃጥሎ ሁለት ቀን ስልክ መንካት አልቻልኩም። የቦዲ ኪቱ ውዱ እቃ በርበሬው ነው ብትሉኝ አምናችኋለሁ።

ከዚያ ሰም አምስት ጊዜ ቀባሁ፣ በየመሃሉ እየወለወልኩ። ጄልኮቱን (መጀመሪያ የሚቀባውን ለስላሳ የውጭ ሽፋን) ማታ ላይ ቀባሁት ቀን ሥራ ስላለኝ። አምፖል ሰቅየ። ሽምብጥ የሚኖር ሰው ቀሪውን ያውቀዋል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ያ ጥቃቅን ዝንብ መብራት ሲያይ እንደ ደመና ነው የሚመጣው፣ ሁሉም ገብቶ ጄልኮቱ ላይ ተኛ። የመጀመሪያው ሞልዴ ጥቁር ሰሊጥ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ፈቅፍቄ እንደገና ጠዋት በ12 ሰዓት ተነስቼ ቀባሁት፣ ተሳካ።

ጥያቄ አለኝ፣ ከሞልዱ የወጣው ፓራውልት ውስጠኛው ፊት (ማቱ ያለበት በኩል) ከሦስት ቀን በኋላም እጅ ይይዛል፣ ማር እንደነካ ነው። ሀርድነር አሳንሼ ይሆን?

ጀልባ_ጠጋኝ (እሁድ ማታ 2:50)
አንተ ልጅ ሞልድ አወጣህ! ጎበዝ። መያዙ ጤነኛ ነው፣ አየር የሚነካው ፊት ኦክስጅን መድረቁን ስለሚከለክለው ነው። ውስጡ ደርቋል፣ ላዩ ብቻ ነው። በአሴቶን ጥረገው ወይም የመጨረሻውን ሬዚን ሰም የተጨመረበት ተጠቀም፣ ሰሙ ወደ ላይ ተንሳፍፎ አየሩን ይዘጋል። በጥፍርህ ስትጫነው የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ያ ሀርድነር ማነስ ነው።

ዝንቡስ 😂 እኛ ጀልባ ሁልጊዜ ጠዋት ነው የምንቀባው፣ ልነግርህ ረስቼው ነው።

ባትላሜራ_30ዓመት (እሁድ ማታ 3:30)
የላክኸውን ፎቶ አየሁት። እጅህ ደህና ነው ልጄ። ፋይበር ነው ብየ ያንቋሸሽኩትን አላነሳም ግን እጅህ ደህና ነው። አሁን የምነግርህን ስማ፣ ከፓራውልቱ ኋላ ያለውን የብረት አግዳሚ አውጥተህ እንዳትጥል። አንዳንድ ልጆች ኪቱ አልገባ ሲላቸው አግዳሚውን ቆርጠው ያወጡታል። ስትጋጭ የሚያድንህ እሱ ነው፣ ፓራውልቱ ልብስ ነው። ሲታሰርም ብሎኑ ስር ሰፊ ሮንዴላ አድርግ፣ ጠባብ ከሆነ ፋይበሩን እየበላ ያልፋል። ቀዳዳውን ትንሽ አስፋው።

ባጃጅ_ሹፌር_አባይማዶ (ሰኞ ጠዋት 1:00)
ወንድሞቸ አንድ ጥያቄ፣ ይኸ ሊፕ ከመሬት ስንት ነው የሚቀረው? በዚህ ከተማ ስፒድ ብሬከር አለ፣ ኮብልስቶኑ የተነሳበት መንገድ አለ፣ ክረምት ደግሞ ውሃ የያዘው ጉድጓድ አለ ጥልቀቱ የማይታወቅ። ባጃጅ እንኳ ታች ይነካል። መልኳን ስታሳምር እግሯን አታሳጥርባት

ቪትዝ_በእዳ (ሰኞ ጠዋት 1:30)
በሜትር ለካሁት፣ ድሮ 14 ሳ.ሜ ገደማ ነበር አሁን 10 ቀርቷል። ትናንት ብቻየን ሆኜ ስፒድ ብሬከሩን በሰያፍ አለፍኩት አልነካም፣ ሦስት ሰው ጭኜ ስመለስ ጫረ። የሚያሳዝን ድምፅ ነው፣ ልቤ ላይ ነው የጫረ። ስለዚህ ሞልዱ ውስጥ ከታች 3 ሳ.ሜ በስኮችና በስቱኮ ዘግቼ ሁለተኛውን አጠር አድርጌ አወጣለሁ። ሞልድ መስራቱ እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ።

ነርስ_ነኝ_በሉኝ (ሰኞ 6:10)
ወንድሜም እንዲህ ያለ ለመስራት ተነስቷል። በርበሬያችንን ሸሽገናል

ቪትዝ_በእዳ (ከአስር ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ 11:20)
ሁለተኛው ወጣ፣ 4.8 ኪሎ መዘነ (@የፈትል_ልጅ ስሌትሽ እንዴት ነው!!)። ፕራይመር ተረጭቶ ተገጥሟል፣ ቀለሙን ያንኑ ነጩን ነው የማስቀባው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ቀለም ቀይሬ ሌላ ጣጣ አልፈልግም።

ሙከራ ወጣሁ። በ2016 ዓ.ም (በኛ) የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻገርኩ፣ ያ 380 ሜትር ለጥ ያለ መንገድ ስለሆነ 60 ስደርስ ሊፑ ከግራ በኩል ትርርር አለ። መሃል ላይ አንድ ብሎን ጨመርኩ ጸጥ አለ። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣሁ፣ እዚያ ነው ያፈርኩት። ለማማር ብየ የታችኛውን የአየር መግቢያ አጥብቤው ነበር፣ ዳገቱን ሳልጨርስ የሙቀት መብራቷ በራ። አቁሜ ኮፈኑን ከፍቼ ቤተ መንግሥቱ ጋ ለጉብኝት የመጡ ሰዎች እያዩኝ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አንዱ ልጅ "አዲስ መኪና ነው?" አለኝ፣ አዎ አልኩት። ዛሬ መግቢያውን በግራይንደር ከፍቼ ወንፊት አስገባሁበት፣ ከሰዓት ያንኑ ዳገት ደገምኩት፣ አልሞቀችም።

ሸገር_ድሪፍት (ቅዳሜ 11:45)
ብሮ ከልቤ ነው አሪፍ ሆናለች። ሞልዱን ትሸጥልኛለክ?

ቪትዝ_በእዳ (ቅዳሜ ማታ 12:05)
አልሸጥም፣ አከራያለሁ። ወስደክ ከመለስክ በቀን ሒሳብ፣ እዚህ መጥተህ ከሰራህ ግን ነጻ ነው፣ ሬዚኑን ይዘህ ና። በርበሬ የሚሰጣበትን ቀን እትየን ጠይቄ እነግርሃለሁ።